ዊንዶውስ ሰቨንን ለመጫን ስድስተኛ ጄኔሬሽን ይሻላል ወይስ ስምንተኛ?

«ስምንተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ሰቨን ይጫንበታል ወይ?» ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ስንቴ እንደመለስኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። (ጄኔሬሽን የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አዲስ ነው።) ጠያቂዎቹ ከሞላ ጎደል የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ ፒችትሪ 2010 የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም በሰቨን ተምረው፣ በሰቨን ሠርተው፣ በሰቨን ደመወዝ የበሉ። ላፕቶፑ ይቀየር፣ ሰቨን ግን ይቆይልኝ ነው ነገሩ። ከዛሬ ጀምሮ ለሚደውል ሁሉ ይህንን ነው የምልክለት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ስምንተኛውን ግዙ፣ የመጣበትን ዊንዶውስ አትንኩበት፣ ሰቨንን በውስጡ አኑሩት። እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ።

የማወዳድረው ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖችን ነው። ከስድስተኛው ወገን ቲንክፓድ ቲ460፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ላቲቲዩድ ኢ7470፤ ከስምንተኛው ወገን ቲ480፣ 840 ጂ5፣ ላቲቲዩድ 7490። ስለ ስክሪንና ስለ ኪቦርድ አላወራም፤ ሱቅ ገብታችሁ በዓይናችሁ የምታዩት ነው።

ዋጋውን እንያዝ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ የአክስቴ ልጅ ስንፈልግ መገናኛ አካባቢ ሁለት ቀን ሙሉ ዞረናል። 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ስድስተኛ ከ26 እስከ 29 ሺህ ብር ተጠየቀበት። ስምንተኛው 38 ሺህም 40 ሺህም ተባለ፤ አንዱ ሻጭ «ከነካርቶኑ ነው» ብሎ 44 ሺህ ጠራ። ካርቶኑ የሌላ ሞዴል ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚንቀሳቀስ ቁጥሩን ትታችሁ ልዩነቱን ያዙ፤ አሥር ሺህ ብር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት። ለሚቆጥብ ሰው ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ስድስተኛውን በሚመርጥ አልፈርድም። ማይክሮሶፍት ሰቨንን የደገፈበት የመጨረሻው ጄኔሬሽንም እሱ ነው። ከሰባተኛው ጀምሮ አፕዴቱን ሳይቀር ዘግቶበታል።

እኛ ግን ስምንተኛውን፣ ቲ480ን፣ በ39 ሺህ ገዛን። ከዚያም ሞኝነቴ መጣ፦ ሰቨን ይጫንበት አልኩ።

የመጀመሪያው ቴክኒሺያን 800 ብር ተቀብሎ ግማሽ ቀን ታገለው። የሰቨን መጫኛ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፤ ዩኤስቢ 3ን አያውቅም። ፍላሹ ራሱ ያስነሣውና ትንሽ እንደሄደ «ድራይቨር (ዊንዶውሱ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) አምጣ» ብሎ ይቆማል፤ ያስነሣውን ፍላሽ መልሶ አያየውም። እሱ ቢታለፍ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን አዲስ ዓይነት ኤስኤስዲ አያገኘውም፤ ለብቻው ተፈልጎ የሚጨመር ማስተካከያ አለው። ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡትም መጥፋት፣ ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ባዮስም ወደ ሌጋሲ፣ ማለትም ወደ አሮጌው አነሣስ፣ መዞር አለበት። ይህ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው የሚቻል ነው፤ እሱም ቻለው። የማይቻለው የስክሪኑ ጉዳይ ሆነ። በስምንተኛው ውስጥ ላለው ዩኤችዲ 620 ግራፊክስ ኢንቴል የሰቨን ድራይቨር አላወጣም። ስለዚህ ብርሃኑ አይቀነስም፣ ክዳኑ ሲዘጋ አይተኛም፣ ፕሮጀክተር ቢሰኩበት ምስል አይወጣም፣ ቪዲዮ ይንተፋተፋል። አራት ሰዓት ይዞ የነበረው ባትሪ ሁለት ሰዓት አልሞላ አለ።

ሁለተኛው ቴክኒሺያን «ለስምንተኛ የተዘጋጀ ሰቨን አለኝ» ብሎ 1,500 ብር ወሰደ። ይህ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ነው። ሀያ ድርጅት የሚያህል ሒሳብ የሚቀመጥበት ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጫን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ለማያውቁት ሰው እንደመስጠት ነው፤ ያኔ አላሰብኩትም። ዊንዶውሱን ያለ ሕጋዊ ቁልፍ አክቲቬት ያደረገበት ክራክ ደግሞ የማስነሻ ፋይሉን ነካክቶት ኖሮ፣ በአራተኛው ቀን ላፕቶፑ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀረ። ፋይሎቹን ለማውጣት 700፣ ወደ ዊንዶውስ 10 ለመመለስ 600። ደምሩት፦ 3,600 ብር። ያውም የቫት ማሳወቂያ ሰሞን ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

የሚያናድደው ነገር፣ ዊንዶውስ 10ን ስንመልሰው ክራክ አልጠየቀንም። እንደነዚህ ያሉ የቢሮ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ከዊንዶውስ 10 ፕሮ ጋር ከወጡ ቁልፋቸው ባዮሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኢንተርኔት ሲያገኙ በራሳቸው አክቲቬት ይሆናሉ። የተከፈለበትን ሕጋዊ ዊንዶውስ ደምስሰን ለሌባ ቅጂ 1,500 ከፍለን ነበር ማለት ነው።

ስድስተኛው ጋ ይህ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። የዩኤስቢው ድራይቨር መጫኛው ውስጥ መጨመር አለበት እንጂ ሌላው፣ ግራፊክሱን ጨምሮ፣ ከአምራቹ የወጣ የሰቨን ድራይቨር አለው። አንድ ብልሃት ልጨምር፦ ቲ470 በስድስተኛም በሰባተኛም ፕሮሰሰር ተሽጧል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ሻጩ የሚለውን ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። 6300 ካለ ስድስተኛ ነው፣ 7300 ካለ ሰባተኛ።

ታዲያ ለምን ስድስተኛውን አልመክርም? የዛሬ አሥር ሺህ ብር ቁጠባ ነገ ስለሚበላ። የሰቨን ድጋፍ የቆመው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ነው። ክሮም ከ109 ወዲያ ለሰቨን አልወጣም፤ ግብርና ባንክ በኢንተርኔት የሚጨርስ ሰው ይህ ዛሬ ባይሆን ነገ ይይዘዋል። ሰቨን ሲሰለቻችሁስ? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስድስተኛን በይፋ አይቀበልም፤ ከኢንቴል፣ ከጥቂት ሰባተኛዎች በቀር፣ የሚጀምረው ከስምንተኛ ነው። የሰቨንም የዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፍ ያበቃበት ላፕቶፕ 28 ሺህ ብር ይውጣበት? ኢንተርኔት ሳይነካ አንድ ጥግ ቁጭ ብሎ ፒችትሪ ብቻ ለሚሠራ ከሆነ እሺ።

አሁን መፍትሔው። መጀመሪያ ፒችትሪውን ዊንዶውስ 10 ላይ በቀጥታ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ «አልከፍትም» የሚለው ፐርቬሲቭ የሚባለው ዳታቤዝ ሰርቪሱ ስላልተነሣ ነው፤ ሰርቪሶች ውስጥ ገብቶ ማስነሣት ነው፣ ለዚህ ለማንም ብር አይከፈልም። አሻፈረኝ ካለ፣ ወይም ድራይቨሩ ለሰቨን ብቻ የተሠራ አሮጌ ስካነር ካላችሁ፣ ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን፣ በላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ጫኑና ሰቨንን በውስጡ ጫኑ። ነፃ ነው። ለሰቨኑ 2 ጊጋ ራምና 40 ጊጋ ቦታ ይበቃዋል፤ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይሸከመዋል፣ 16 ቢሆን ደግሞ ይቀላል። የውስጡን ሰቨን ከኢንተርኔት አቋርጡት። ባክአፕ ማለት ይህ ሰቨን የተቀመጠበትን ፎልደር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው፤ ብቻ ፍላሹን አስቀድማችሁ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አድርጉት፣ አሮጌው ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ደህና ፍላሽ ተበላሽቷል ብዬ ጥያለሁ።

ስትገዙ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ባዮሱን አስከፍቱ። እነዚህ ላፕቶፖች ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ስለሆኑ የባዮስ ፓስወርድ የቀረባቸው አይጠፉም። ፓስወርድ ካለው ለሰቨን የሚያስፈልገውን ሌጋሲም ሆነ ለቨርቹዋልቦክስ የሚያስፈልገውን ቨርቹዋላይዜሽን ማብራት አትችሉም። ሻጩ «እሱ ምንም አይደል፣ ይሰበራል» ካለ ውጡ። ባትሪውንም ጠይቁ፦ ቲ460ም ቲ480ም ሁለት ሁለት ባትሪ አላቸው፣ ውስጥ አንድ፣ ውጭ አንድ። የውጭውን በኮፒ ቀይረው «ባትሪው አዲስ ነው» የሚሉ ሞልተዋል። የእኛው አዲስ በአምስተኛው ወር አብጦ ክዳኑን ገፋው፤ ሌላ 3,500።

የአክስቴ ልጅ አሁን ቲ480ዋን ስትከፍት ሰቨኑ ሙሉ ስክሪን ሆኖ ይመጣል፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያስተካከልኩላት። በውስጥ እንደሆነ ሦስቴ ነግሬያታለሁ፣ «እሱን ተወው፣ ሰቨን ነው አይደል?» አለችኝ። ለቢሮ ጓደኞቿ ሁሉ «ስምንተኛ ላይ ሰቨን አሪፍ ይሠራል፣ ወንድሜን ጠይቁት» እያለች ቁጥሬን ትሰጣለች።