የተርቦ አየር ማምለጫ መፈተሻ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን መሣሪያ የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ከደብረ ብርሃን ገብስና ብርድ ልብስ ወደ ሸዋ ሮቢት አድርሼ፣ ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ የምመለስበት ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን ዳገት ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪና፣ ከመስከረም ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ መውጣት ጀመረ። ያሳየሁት ጋራዥ ተርቦው፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል፣ አልቋልና ይቀየር አለኝ፤ ነገር ግን የተርቦው ዘንግ በጣት ሲነቀነቅ ልል ሆኖ ስላላገኘሁት፣ ያን ያህል ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አየሩ ከተርቦው ወደ ሞተሩ ሲሄድ ከቱቦዎቹ የሚያመልጥ እንደሆነ ለማረጋገጥ ወሰንኩ።

መሣሪያው ቀላል ነው። በተርቦው አየር መሳቢያ አፍ ላይ የሚገጠም፣ ዙሪያው ጎማ የሆነ የአሉሚኒየም መክደኛ፣ የግፊት መለኪያ፣ አየር መዝጊያ ቧንቧና እንደ ጎማ ቫልቭ ያለ መንፊያ አለው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ፣ ከአየር ፊልትሮው የሚመጣው ቱቦ ይፈታና መክደኛው በፋሸታ (ቱቦ በሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) ይታሰራል፤ ከዚያም ከጎሚስታ ኮምፕረሰር አየር ቀስ በቀስ ይሰጠዋል። አየሩ በተርቦው፣ የተጨመቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው በኢንተርኩለሩና በቱቦዎቹ በኩል እስከ ሞተሩ ድረስ ስለሚሞላ፣ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚያመልጠው አየር አሁን በጸጥታ መሐል ሲያፏጭ ይሰማል፤ የማይሰማው ደግሞ በሳሙና አረፋ ይታያል።

የመጀመሪያውን ጥፋት ለማግኘት ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። የኢንተርኩለሩ የታችኛው ቱቦ ከብረት ድጋፉ ጋር እየተፋተገ በስተጀርባው ተሰንጥቆ ነበር። ቱቦውን አውጥቼ በእጄ ሳገላብጠው ደህና ይመስላል፤ ስንጥቁ የሚከፈተው ግፊት ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ በዓይን ብቻ የሚመረምር መካኒክ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ ጭሱ ጠፋ፤ ወደ 190 ኪሎ ሜትር በሚሆነው ደርሶ መልስ እስከ 23 ሊትር ይፈጅ የነበረው ናፍጣም ወደ 20 ሊትር ተኩል ወረደ። ተርቦው እስከ ዛሬ ያው የድሮው ነው።

ለደጋ ሰው ከሁሉ በላይ ሊታወቅ ይገባል የምለው የግፊቱን መጠን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአካባቢው አየር ግፊት 0.7 ባር አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን 1 ባር ነው። በእኔ ዓይነት ሞተር ላይ ያለው ሴንሰር የሚለካው የውጩን አየር ጨምሮ ጠቅላላውን ግፊት ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ 2 ባር ሲፈልግ በባሕር ዳርቻ የቱቦው ግድግዳ የሚሸከመው ልዩነት 1 ባር ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግን 1.3 ባር ይሆናል፤ ተርቦውም ይህን ለመሙላት ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። የመሣሪያው መለኪያ የሚያሳየው ይህንኑ ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ በ1 ባር እፈትሻለሁ፤ ከዚያ እስከ 1.3 አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ ግን አላልፍም። በሚያዝያ ወር በሞተሩ መግቢያ ላይ የላላው ፋሸታ በ1 ባር ጸጥ ብሎ በ1.2 ባር ማፏጨት ጀመረ፤ መኪናው በቆላው በሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚደክም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በፍተሻ ጊዜ የመለኪያው መርፌ ቀስ ብሎ መውረዱ ብቻ ግን ጥፋት አለ ማለት አይደለም። ከሲሊንደሮቹ በአንዱ ሁለቱም ቫልቮች ገርበብ ብለው ከቆሙ አየሩ በማርሚታው በኩል ይወጣል፤ ሞተሩን በማስነሻው ሳይሆን በብሎን መፍቻ ቁልፍ በእጅ ጥቂት ማዞር ይህን ያስተካክላል። በዘይት መሙያው በኩል የሚሰማው ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አየሩ ወደ ዘይት ክፍሉ እየገባ ነው ማለት ነው። መክደኛው ከተርቦው አፍ ይልቅ ወደ ፊልትሮው ቀርቦ ከተገጠመ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በዚያው ስለሚቀላቀል፣ ካልተዘጋ ግፊቱ ወደ ዘይት ክፍሉ ገብቶ የዘይት መከላከያ ጎማዎችን ሊጎዳ ይችላል። ይህን የመሣሪያው መመሪያ አለመጻፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሌላው ጉድለቱ መለኪያው ነው። እስከ 7 ባር የተሰመረ በመሆኑ እኛ የምንፈልገው ክፍል ከአንድ አምስተኛ አይበልጥም፤ የአንድ አሥረኛ ባር ለውጥ በዓይን አይለይም። እስከ 2.5 ባር በተሰመረ መለኪያ ቀየርኩት፤ መሣሪያው ለእኔ ሙሉ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የግፊት መቀነሻም አብሮት አልመጣም። የጎሚስታው ኮምፕረሰር እስከ 8 ባር ስለሚይዝ፣ አንድ ቀን ረዳቴ ቧንቧውን በአንድ ጊዜ ከፍቶ መክደኛው ከአፉ ተፈናጥሮ የኮፈኑን ውስጠኛ ክፍል መታው። ማንም ሰው ፊቱን በዚያ አቅጣጫ አላደረገም ነበር። ከዚያ በኋላ መቀነሻ ገዛሁ፤ መክደኛውንም በሁለት ፋሸታ አስራለሁ።

የደብረ ብርሃንን ነፋስም መናገር አለብኝ፤ ከረፋድ በኋላ ሜዳ ላይ ሆኖ የቀጭን ቀዳዳ ፉጨት መስማት አይቻልም። ማለዳ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በታኅሣሥ ውርጭ የጎማ ቱቦዎች ስለሚጠነክሩ፣ በማለዳ ምንም ያላሳየ ቱቦ ሞተሩ ሞቆ ጎማው ሲለሰልስ አረፋ አውጥቷል። ስለዚህ ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለ፣ በጣሪያ ሥር መፈተሽ ይሻላል።

አሉሚኒየሙ ከስምንት ወር በኋላም ጭረት እንጂ ጉዳት የለውም። ጎማው ግን ተርቦው አፍ ላይ የሚገኘውን የዘይት እርጥበት ስላልቻለ አብጦ ጠርዙ ተልጧል፤ በግንቦት የመጨረሻ ፍተሻ አየር ያመለጠው ከመኪናው ሳይሆን ከራሱ ከመሣሪያው ነበር። ዘይት ከሚቋቋም ጎማ የተሠራ መተኪያ ቀለበት በደብረ ብርሃን ስላላገኘሁ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ፤ የሐምሌ ዝናብ መንገዱን ከማክበዱ በፊት ገጥሜ እንደገና በ1.3 ባር እፈትሸዋለሁ።