ኦርላንዶ ለምትሄዱ ወላጆች፦ "የቅናሽ ትኬት" ጠዋታችሁን እንዳይወስድባችሁ

ልጆቻችሁን ዲዝኒ ወርልድ ልትወስዱ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ አንዴ ስሙኝ። መንገድ ዳር ካለ ኪዮስክ "የቅናሽ ትኬት" አትግዙ። እኛ ተሸውደናል፤ እናንተ አትድገሙት።

ትኬቱ ፎርጅድ ነው እያልኩ አይደለም። የእኛ ትክክለኛ ነበር፣ በሩ ላይም ሠርቷል። ግን ትኬቱን ለማግኘት ጠዋታችንን ከፈልንበት። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ደግሞ ጠዋት ያመለጠው ሰው ቀኑን ሙሉ ወረፋ ሲያይ ይውላል።

(ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሴቷ ልጄ ሰባት ዓመቷ፣ ወንዱ አራት። ከባለቤቴ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ስናስቀምጥ ቆየንና አምስታችንም መኪና ውስጥ ገብተን በአይ-95 ወደ ደቡብ ነዳነው። 13 ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ዋናው ነገር ለአንድ ቀን ማጂክ ኪንግደም መግባት ነበር። ከዚያ በላይ አቅማችን አይፈቅድም።

ዋጋውን ለማታውቁት፦ የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው። የበዓል ሰሞን ደግሞ 200 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ልጅ 10 ዓመት ከሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ብቻ ነው በነፃ የሚገባው። ለአምስት ሰው ስታሰሉት ልብ ያስደነግጣል። ኪዮስኮቹ የሚይዙን እዚያ ድንጋጤ ላይ ነው።

ያረፍነው ኦርላንዶ አጠገብ ባለችው ኪሲሚ፣ 192 የሚባለው መንገድ አጠገብ ነበር። በማግስቱ ውሃ ልንገዛ ስንወጣ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር በር ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ጠራን። ፈገግታው የሚያምር፣ ልጆቹን በስማቸው የሚጠራ። ከየት እንደመጣን ጠየቀ፣ እናቴን እጅ ነሣት። ከዚያ ለእኔና ለባለቤቴ ትኬት በ40 በ40 ዶላር እንደሚሰጠን ነገረን። የእናቴንና የልጆቹን ከመደበኛው ዋጋ ብዙም በማይርቅ ሂሳብ። በድምሩ ወደ 250 ዶላር ተረፈልን ብለን ደስ አለን።

ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። "ነገ ጠዋት ቁርስ ትጋበዛላችሁ፣ 90 ደቂቃ ስለ አንድ ሪዞርት ትሰማላችሁ፣ ትኬታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።" ባልና ሚስት ሁለታችሁም መገኘት አለባችሁ አለን። መታወቂያና ክሬዲት ካርድ ያዙ አለን። 40 ዶላር መያዣም ተቀበለን፣ ስትጨርሱ ይመለስላችኋል ብሎ።

2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ትልቅ አዳራሽ፣ ክብ ክብ ጠረጴዛ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሻጭ። ልጆቹን መጫወቻ ክፍል ወሰዷቸው። ቁርሱ እንቁላልና ቋሊማ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር እናቴ ሻይና ሁለት ቁራጭ ሐብሐብ ብቻ ቀመሰች።

የሚሸጡት ታይምሼር ነው። በአጭሩ፣ የአንድ ሪዞርት ክፍልን በየዓመቱ ለተወሰነ ቀን የመጠቀም መብት ትገዛላችሁ። ቤት አይደለም የምትገዙት። ዋናውን ዋጋ ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም የጥገና ክፍያ የሚባል በየዓመቱ ይመጣል፣ ሄዳችሁ ብታድሩም ባታድሩም። ያ ክፍያ ደግሞ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ልሽጠው ብትሉ ገዢ ማግኘት መከራ ነው።

ሻጩ ወረቀት አወጣ። "በዓመት ለሽርሽር ስንት ታወጣላችሁ?" አለ። የነገርነውን በ20 ዓመት አባዝቶ ቁጥሩን ከበበው። ከዚያ የሚያምር ክፍል አስጎበኘን። ተመልሰን ስንቀመጥ ዋጋው 24 ሺህ ዶላር ሆነ። አንፈልግም አልን። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ 14 ሺህ። አንፈልግም። ጨርሰናል ብለን ስንነሳ ትኬት ወደሚሰጥበት ክፍል ወሰዱን። እዚያ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ጠበቀን፤ "መሞከሪያ ፓኬጅ፣ 2 ሺህ ብቻ" ይላል። ትኬታችን እጃችን ሲገባ ሰዓቱ 7 ከ10 ነበር። ከተባለው 90 ደቂቃ ከሦስት እጥፍ በላይ ቆይተናል።

ለምን ተነስታችሁ አልሄዳችሁም ትሉኝ ይሆናል። ሌሊቱን እሱኑ ሳስብ ነው ያደርኩት። ይሉኝታ ያዘን። ሰውየው ቁርስ አብልቶናል፣ ለእናቴ ወንበር ስቦላታል፣ ስለ ራሱ ልጆች ፎቶ እያሳየን አውርቶናል። የበሉበትን ወጭት ሰባሪ ላለመባል አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ ሁለቴም ዝም አለ። እናንተ ግን ይህን እወቁ፦ ያ ቁርስ ግብዣ አይደለም። ለእሱ የሥራ ቀኑ ነው። እኛ ለእንግዳና ለአስተናጋጅ ያለንን አክብሮት ለሽያጭ ማዋል ነው፣ እኔን አሁንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ፓርኩ በረርን። ማጂክ ኪንግደም መኪና አቁማችሁ ዘው የምትሉበት ቦታ አይደለም። መኪናው ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ነው የሚቆመው፤ ከዚያ በሞኖሬይል ወይም በጀልባ ተሻግራችሁ ነው በሩ ጋ የምትደርሱት። ስንገባ 9 ሰዓት ሆኗል። ሰማዩ ጠቁሯል። ፍሎሪዳ በክረምት ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲቀርብ ደግሞ ከቤት ውጭ ያሉትን መጫወቻዎች ይዘጋሉ።

ልጄ ከቤት ስንወጣ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ስላ ነበር። አንደኛ፣ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬይን የሚባለው ባቡር። ሁለተኛ፣ ፒተር ፓን። ሦስተኛ፣ ቤተ መንግሥቱ። ባቡሩ ጋ ስንደርስ ሰሌዳው 95 ደቂቃ ይላል። ገብተን ተሰለፍን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆምን ዝናቡ ወረደ፣ ባቡሩ ቆመ፣ ሰዉን አስወጡት። ወረቀቷ ኪሷ ውስጥ ርሶ ቀለሙ ጣቷ ላይ ተላለፈ። እናቴ ነጠላዋን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ዳስ ስር ቆማለች። ማታ እስክንወጣ ድረስ ያየነው ቤተ መንግሥቱን፣ ጥቂት ትንንሽ መጫወቻዎችንና ርችቱን ነው። ለዚህ 13 ሰዓት ነድተናል።

አሁን የቅናሹ ትኬት ዋና ጉዳት የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። ጉዳቱ የሚጀምረው ገና ከዋዜማው ነው።

ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ወረፋ የሚያሳጥር ላይትኒንግ ሌን የሚባል የሚከፈልበት መግቢያ አለ። በፈረንጆቹ ከ2024 ሐምሌ ወዲህ አስቀድሞ ነው የሚያዘው። የዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ሰው ከ7 ቀን በፊት፣ ውጭ ያረፈ ከ3 ቀን በፊት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በስልክ አፕ ይይዛል። ለመያዝ ግን ትኬታችሁ አስቀድሞ አፑ ላይ በስማችሁ መመዝገብ አለበት። ኪዮስኩ ትኬቱን የሚሰጣችሁ መቼ ነው? በዚያው ቀን፣ ስብሰባው ሲያልቅ። ያን ጊዜ ጥሩ ጥሩው ሰዓት አልቋል። ስለዚህ በ250 ዶላር ቅናሽ የሸጥነው ሁለት ነገር ነው፤ ጠዋቱንና አስቀድሞ የመያዝ ዕድሉን። በዚያ ላይ ትኬቱ የሚሠራበት ቀን ተቆርጦለታል፤ "ደክሞናል፣ ነገ እንሂድ" ማለት አልቻልንም።

በዚህ ዓመት ስፕሪንግ ብሬክ ላይ አራታችን ተመልሰን ሄድን። ትኬቱን ከአንድ ወር በፊት ከራሱ ከዲዝኒ ገጽ ገዛን። ሕዝቡ ከነሐሴው ይበልጥ ነበር። ልጄ ግን 3 ሰዓት ከ25 ላይ ያንን ባቡር ወርዳ ጨርሳለች። እንዴት እንዳደረግነው ልጻፈው።

መጀመሪያ ልጆቹን ቤት ውስጥ ለካናቸው፣ የሚሄዱበትን ጫማ አድርገው። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ በር ላይ ልጅ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። ማይን ትሬይን 38 ኢንች፣ 97 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ፈጣኖቹ ስፔስ ማውንቴን 44 ኢንች፣ ትሮን 48 ኢንች። ትንሹ ልጄ ለማይን ትሬይን ብቻ ደረሰ። ስለዚህ ትሮንን ገና ቤት ሳለን ሰረዝነው። ትልልቆቹ ትሮን ወይም ስፔስ ማውንቴን ለመሄድ ከፈለጋችሁ ራይደር ስዊች ጠይቁ፦ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ሲመለስ የቀረው እንደገና ሙሉውን ወረፋ ሳይሰለፍ ይገባል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ በሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ መጠየቅ ብቻ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ እንዲመርጥ አደረግን። "ያለ እሱ ብመለስ አዝናለሁ" የሚለውን አንድ ነገር። አራት ሰው፣ አራት ነገር። ሌላው ሁሉ ከተገኘ ተገኘ። ፓርኩ በሰዓቱ ሲከፈት እኛ ከ45 ደቂቃ በፊት በሩ ላይ ነበርን። ማወቅ ያለባችሁ፣ የዲዝኒ ሆቴል እንግዶች 30 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ። ስለዚህ ሰፊው ሕዝብ ሲገባ ማይን ትሬይን ጋ ቀድመው የተሰለፉ አሉ። ቢሆንም ጠዋት የቆምነው 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ከቀትር በኋላ ከሚሆነው ጋር አይገናኝም።

ፒተር ፓን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፓርኩ ከተከፈተበት ከ1971 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ያለ፣ ዝግ ያለ የልጆች መጫወቻ ነው፤ የቁመት ገደብ የለውም። ሰው "ይሄማ የትም አይሄድ፣ በኋላ እንመለሳለን" ይላል። ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰው ትንሽ ስለሆነ ወረፋው ቀኑን ሙሉ አይጎድልም። እሱን ጠዋት ጨርሱት፣ ካልሆነ ላይትኒንግ ሌን ያዙለት። በተቃራኒው ፒፕልሙቨር፣ ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስና ሆል ኦፍ ፕሬዚደንትስ ለቀትር ይቆዩ። ወረፋቸው ቀላል ነው፣ መቀመጫ አላቸው፣ ኤርኮንዲሽን ያላቸውም አሉ። ከእናት ወይም ከአያት ጋር ከሆናችሁ እነሱ ናቸው ዕረፍታችሁ።

ሌላ አንድ ነገር። ፓርኩ ሊዘጋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ወረፋ ውስጥ ከገባችሁ ተራችሁ ሲደርስ ያስገቧችኋል። ሰዉ ርችት ለማየት ዋናው መንገድ ላይ ሲከማች መጫወቻዎቹ ጋ ቀለል ይላል። ልጆቻችሁ ማምሸት ከቻሉ ተጠቀሙበት።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል። ዳቦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ ይዘን ነው የገባነው፤ የብርጭቆ ዕቃና አልኮል ግን አያስገቡም። ፈጣን ምግብ ቤቶቹ ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ በነፃ ይሰጣሉ። ጾመኛ ከሆናችሁ ሜኑው ላይ የቅጠል ምልክት ያለበትን እዩ።

ከትኬት ጋር ሌላም የሚያሰጋኝ አለ። በቴሌግራምና በፌስቡክ "የአራት ቀን ትኬት ገዝተን ሁለት ቀን ተርፎናል" የሚል ማስታወቂያ ከራሳችን ሰው ሳይቀር አያለሁ። እሱን በፍጹም አትንኩ። ትኬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት ሰው ንብረት ነው፣ በሩ ላይ ጣት አሻራ ይነካበታል። ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ተጀምሮ የተረፈ ትኬት መሸጥ ፍሎሪዳ ውስጥ በሕግም ያስጠይቃል። ገንዘባችሁ ሄዶ ልጆቻችሁ በር ላይ ይቀራሉ። እውነተኛ ቅናሽ አለ፣ ግን ጥቂት ዶላር ነው። ግማሽ በግማሽ ቀነስኩላችሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የቀረውን በምን እንደሚያስከፍላችሁ ጠይቁት።

የመጨረሻው በጣም አስቸኳይ ነው። የእኛን ታሪክ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ እንደዚያው ዓይነት ስብሰባ ላይ ፈርሟል። በማግስቱ ተጸጽቶ ደውሎ ነበር፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ አስተዳዳሪው ይደውልልሃል አለችው። ደዋይ ሲጠብቅ ሦስት ሳምንት አለፈ። እስከ ዛሬ በየወሩ ይከፍላል።

በፍሎሪዳ ሕግ ታይምሼር የፈረመ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት ውሉን መሰረዝ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከፈረማችሁበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበላችሁበት ቀን ነው፤ የዘገየው ይወሰዳል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። "ይህን መብቴን ትቻለሁ" ብላችሁ ብትፈርሙ እንኳ አይሠራም። ስልክ መደወል ግን አይበቃም። በጽሑፍ መሆን አለበት። የምትልኩበት አድራሻ እዚያው ውሉ ላይ ተጽፏል። ስማችሁን፣ የውሉን ቁጥርና "ውሉን ሰርዣለሁ" የሚለውን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ፎቶ አንሱት፣ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩት፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ኦርላንዶ ሆቴል ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ፖስታ ቤት ሳትሄዱ ወደ ፓርኩ እንዳትሄዱ።