ስፕሪስና ስኳር፦ ድብልቅና ውሁድ

ፒያሳ ቁጭ ብዬ ስፕሪስ አዘዝኩ። ከታች ሻይ፣ ከላይ ቡና። ስኳሩ ሻዩን ስለሚያከብደው ቡናው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ይሄ ድብልቅ ነው። ቡናው ቢበዛም ቢያንስም ስሙ ያው ስፕሪስ ነው። ሁለቱም ጣዕማቸውን እንደያዙ ናቸው። (ማማሰል አልወድም፤ መልኩ ይጠፋል።)

ስኳሩ ግን ውሁድ ነው፤ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች በቋሚ መጠን በኬሚካዊ ትስስር ተጣምረው የሠሩት አዲስ ነገር። እዚህ ላይ "ቀነስ አድርግልኝ" አይሠራም። አንዱ ሞለኪውል 12 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጅንና 11 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። አንድ አቶም ከጎደለ ስኳር መሆኑ ቀረ። የሚገርመው ጣዕሙ ነው። የቡና ማፍያው ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ማን ይልሰዋል? ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ደግሞ ጣዕም የሌላቸው ጋዞች ናቸው። ሦስቱ ሲዋሃዱ ግን ጣፋጭ ስኳር ይሆናሉ።

ሻይ ውስጥ የሟሟ ስኳር ውኃው ቢተን ተመልሶ ይገኛል። ስኳሩን ራሱን ለመበተን ግን ብረት ድስት ላይ አሳሩት፤ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦኑ ነው።