አናፖሊስን በእግር ለማየት 85 ዶላር አትክፈሉ

ጎበዝ፣ በተለይ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ፣ ከአገር ቤት እንግዳ ከመጣባችሁ ይህን አንብቡ። በሐበሻ ግሩፖች የሚዞር «የአናፖሊስ ቪአይፒ የእግር ጉብኝት» የሚል ማስታወቂያ አለ (አናፖሊስ የሜሪላንድ ዋና ከተማ ናት)። ለአንድ ሰው 85 ዶላር ነው፤ መጓጓዣ፣ «የመግቢያ ትኬቶች»፣ አስጎብኚ፣ የጀልባ ሽርሽር። ስማቸውን አልጠራም፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይሩትም ብዙ አይጠቅማችሁም። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ስለነበር ቤተሰብ ሆነን ሄድን።

መጀመሪያ ትኬት የሚሉት ነገር። የሜሪላንድ ስቴት ሃውስ፣ ማለትም የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ መግቢያው ነጻ ነው። እዚያው አጠገብ፣ በድሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የባኔከር፣ የዳግላስና የተብማን ስም የተሰጠው የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየምም ነጻ ነው። ወደቡ ዳር ያለው፣ «ሩትስ» በተባለው መጽሐፍ የታወቀው የኩንታ ኪንቴ መታሰቢያ ደግሞ ጭራሽ በርም የለው፣ አደባባይ ላይ ነው። ታዲያ ትኬቱ የምኑ ነው ብዬ አስጎብኚውን ብጠይቀው «የሰርቪስ ቻርጅ ነው» አለኝ።

የባሰው መታወቂያ ላይ ነው። ስንመዘገብ «መታወቂያ አያስፈልግም፣ እኛ ጨርሰናል» ስላሉ አማቴ ፓስፖርታቸውን ቤት ትተው መጡ። ስቴት ሃውስ በር ላይ ግን አዋቂ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያሳያል። እዚያው ከተማ ያለው የባህር ኃይል አካዳሚም ከ18 ዓመት በላይ የሆነን ሁሉ የመንግሥት መታወቂያ ይጠይቃል፤ የውጭ አገር ሰው ከሆነ ፓስፖርት። እና እሳቸውን ከሁለቱም በር መለሷቸው፤ አስጎብኚው «እማማ እዚህ አረፍ ይበሉ» ብሎ ሌላውን ይዞ ገባ። ያመለጣቸው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1783 የጦር አዛዥነቱን ያስረከበው ስቴት ሃውስ ውስጥ ባለ አዳራሽ ነው፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል (ሥልጣን በፈቃዱ የሚያስረክብ ሰው ለእኛ ብርቅ ስለሆነ ማየት ይገባቸው ነበር)። በሌላው አዳራሽ ባርነትን የታገሉት የፍሬድሪክ ዳግላስና የሃሪየት ተብማን ሐውልቶች አሉ።

ጀልባውስ? ወደቡ ጋ ስንደርስ «ትኬቱን እያንዳንዳችሁ ትቆርጣላችሁ» ተባልን።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሃል ከተማው አስጎብኚ የሚያስፈልገው አይደለም። ትንሽ ነው። ከዲሲ ሩት 50 በሚባለው አውራ ጎዳና 50 ኪሎሜትር ገደማ ነድታችሁ መኪናችሁን የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ አቁሙ። ከቸርች ሰርክል በሜይን ስትሪት ቁልቁል ስትወርዱ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፣ መንገዱ ጡብ ነው፣ ጫፉ ላይ ባህሩ ይጠብቃችኋል። እዚያ ኢጎ አሊ የሚሏት ጠባብ የውሃ መንገድ አለች፤ ውድ ጀልባ ያለው ሁሉ እየመጣ የሚታይባት ናት። ቁጭ ብሎ ማየቱ በራሱ መዝናኛ ነው፣ ደግሞም በነጻ። ስቴት ሃውስ ከዚያ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ አረጋውያን ካሉ ሽቅቡን ቀስ ብላችሁ ውጡት። ደግሞ ወደቡ ዳር መኪና አታቁሙ፤ ባህሩ ሲሞላ ውሃው መንገድ ላይ የሚወጣበት ቀን አለ።

ገንዘቡን መልሱ ስንላቸው መጀመሪያ «እናያለን» አሉ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆሙ። የሚቀበሉት በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ብቻ ነው፤ ይኼ ራሱ ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል። በዜል በራሳችሁ ፈቃድ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው፤ በክሬዲት ካርድ ቢሆን ባንካችሁ ጋ መከራከር ትችላላችሁ። ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውንና የጻፉላችሁን ሁሉ ስክሪንሾት አንሱና አስቀምጡ። ሜሪላንድ ውስጥ የሸማች ቅሬታ የሚቀበለው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ነው፣ ቅጹ ኦንላይን ይሞላል። እኛ ሞልተናል፤ ብዙ ሰው ከሞላ ደግሞ ጉዳዩን ችላ ማለት ይከብዳቸዋል።