ሚኖክሲዲል ለሴቶች፦ ፈሳሹ ይሻላል ወይስ አረፋው?

ፒሲኦኤስ (የወንድ ሆርሞን የሚበዛበት የሴቶች የሆርሞን መዛባት) ያለባት ሴት ፀጉሯ ከአናቷ ይሳሳል፣ ከአገጯ ደግሞ ይበቅላል። ሚኖክሲዲል ስትመርጥ ይህን መርሳት የለባትም፤ መድኃኒቱ ያረፈበትን ሁሉ ያበቅላል እንጂ አናትና ጉንጭ አይለይም።

ነገሩ ድሮ ለደም ግፊት የሚዋጥ እንክብል ነበር፤ ታካሚዎች ፀጉር ማብቀል ሲጀምሩ ነው ወደ ራስ የዞረው። ዛሬ ለሴቶች በሁለት ዓይነት ይሸጣል። 2 በመቶው ፈሳሽ ጠዋትና ማታ 1 ሚሊ ሊትር ይደረጋል፤ 60 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በ30 ቀን ያልቃል። 5 በመቶው አረፋ በቀን አንዴ፣ የክዳኑን ግማሽ ያህል ነው፤ 60 ግራሙ ቆርቆሮ 2 ወር ያደርሳል። ስለዚህ ዋጋውን በወር አስቢው። የወንዶች የሚባለው 5 በመቶ አረፋም ውስጡ ያው ነው፤ የሚለየው መመሪያው ነው፣ ለወንድ በቀን ሁለቴ ስለሚል።

ምርጫችን አረፋው ነው። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ብዙዎችን ያሳክካል፣ ፎረፎር የሚመስል ቅርፊትም ያመጣል፤ አረፋው ውስጥ የለም። ፈሳሹ ወደ ግንባርም ይወርዳል፣ አገጯን በየሳምንቱ ለምትነቅል ሴት ይህ ቀላል አይደለም።

አረፋው ሙቅ ጣት ላይ ቶሎ ይቀልጣል። እጅሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢና አድርቂ፣ ፀጉርሽን ክፈይ፣ ቆዳው ላይ አዳርሺው፤ ፀጉሩ ላይ የቀረው ባከነ። ከመተኛትሽ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀደም ብለሽ ይሁን፣ አለዚያ ከትራስ ወደ ጉንጭ ይዞራል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ተጠንቀቂ፣ ለድመት መርዝ ነው።

ቅቤ በተቀባ ራስ ላይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው፤ መድኃኒቱ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ይፈልጋል። አረፋውን ካደረግሽ በኋላ ራስ ለመታጠብም 4 ሰዓት ይጠበቃል። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ የነቀለው የግንባር ጠርዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሹሩባው ካልላላ አረፋው ብቻውን አያድነውም።

ብዙዎች የሚያቆሙት በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ነው፣ ፀጉሩ እንዲያውም ስለሚብስበት። የሚረግፈው ዕድሜውን የጨረሰው ነው፤ አዲሱ ከሥር ይገፋዋል። ለመፍረድ 6 ወር ስጪው፤ በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን አናትሽን ፎቶ አንሺ፣ መስተዋት ያታልላል። ካቆምሽ የበቀለው በ3 ወይም 4 ወር ውስጥ ይሄዳል።

ትልቁ ጉድለቱ የወንድ ሆርሞኑን አለመንካቱ ነው። ለእሱ ሐኪም የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ያዛል፤ ስፓይሮኖላክቶን ወንድ ፅንስን ስለሚጎዳ ያለ መከላከያ አይወሰድም። ሚኖክሲዲልም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሆንም። ቆርቆሮውን ከመግዛትሽ በፊት የብረት መጠንና ታይሮይድ ይመርመር፤ ፀጉሩን ያረገፈው ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።