ስቲከሩን በጥፍሩ ልጦ «አንብብ!» አለኝ

አሁን ከመርካቶ መመለሴ ነው። ሪሲቨሩ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። የተቃጠለው የትራንስፎርመር ቫርኒሽ ሽታ ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ተከፍቶለት ከቤት አልወጣም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ «ጥፋተኛው እኔው ነኝ» ብዬ ዝም ማለቴ አይቀርም።

ዕቃው ያገለገለ የጃፓን ስቴሪዮ ሪሲቨር ነው (የዲሹ አይደለም፤ ራዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን)፣ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መጨረሻ ስሪት። የእንጨት ሳጥን፣ ብርማ ፊት፣ ሲበራ ሰማያዊ የሚሆን የራዲዮ መስኮት። ከሁለት ስፒከር ጋር 38 ሺህ ብር። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ «ይሄ ያሁኑ ቻይና አይደለም»፣ «አንድ ሰው ቀብድ ሊያስይዝበት ሄዷል»፣ «500 ዋት ነው፣ ሠርግ ያደምቃል»። 500 ዋቱን እንኳ አላመንኩም ነበር። የዚያ ዘመን ሪሲቨር ከግድግዳ የሚወስደው 140 ዋት ከሆነ ለሁለቱ ስፒከር የሚሰጠው ቢበዛ 35 ወይም 40 ዋት ለያንዳንዱ ነው፤ የቀረው በሙቀት ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ፣ ለዚያም ነው ራሴን ልመታ የሚቃጣኝ። ዋቱን ሳልሸወድ ቮልቱን ተሸወድኩ።

የሱቁ ፍተሻ እንዲህ ነበር። «ጋሼ ይቀመጡ» ተባልኩ፣ ወንበር መጣ። ልጁ ገመዱን ከባንኮኒው ኋላ አስገብቶ ጎንበስ አለ፤ አንድ ማብሪያ ቀጭ አለና ከሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምንድን ነው ስለው «ስታብላይዘር ነው ጋሼ፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ለዕቃው ተጠንቅቀን ነው» አለኝ። መጠንቀቃቸው ደስ አለኝ! ሦስት አራት ሰከንድ ቆይቶ የስፒከሩ ሪሌ፣ ማለትም ስፒከሮቹን ዘግየት ብሎ የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ጠቅ አለ። ልጁ ስልኩን በኦክስ ገመድ ሰካና ሙዚቃ ለቀቀ። ቮሊዩሙ ሩብ ሳይሞላ ሱቁ ሞላ። ቤዙ ንጹሕ፣ ግራና ቀኙ እኩል፣ ቮሊዩሙ ሲጠመዘዝ አይንኮሻኮሽም። «ራዲዮውንስ?» ስለው «እዚህ ቆርቆሮ በዝቶ አይስብም፣ አንቴናም የለን፤ ቤት ሲገባ ቁልጭ አድርጎ ነው የሚይዝልዎት» አለ። «220 ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኩ። ስፒናውን ነቅሎ አሳየኝ። ሁለት ክብ እግር፣ የኛው። «220 ነው ጋሼ፣ ይኸው።»

ከባንኮኒው ሥር ሲያቃስት የነበረው ስታብላይዘር አልነበረም። ዕቃው ለጃፓን መብራት፣ ለ100 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ 220ን ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ስፒናውም ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ጠፍጣፋ እግር ነበረው፤ እነሱ ቆርጠው ክብ ገጥመውለታል።

ቤት ወስጄ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰካሁት። ማብሪያውን ስጫን የራዲዮው መስኮት ሰማያዊነቱ ቀርቶ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፣ ትራንስፎርመሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ከዚያ አንድ «ጧ!» እና ጭስ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሪሌው ጠቅ ለማለት እንኳ አልደረሰም፤ ስፒከሮቹ የተረፉትም በዚያ ነው።

የሆነውን ለማታውቁት ላስረዳ። ለ100 ቮልት የተጠመጠመ ትራንስፎርመር 220 ሲገባበት ብረቱ ማግኔቱን መሸከም ያቅተዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቅልሉ ከተራ ሽቦ አይሻልም፣ ከረንት እንደ ጉድ ይጎትታል። በወጪው በኩል ደግሞ ቮልቴጁ ከእጥፍ በላይ ሊወጣ ይሮጣል። ፕላስና ማይነስ 38 ቮልት እንዲሰጥ የተሠራው ፓወር ሳፕላይ ወደ 80 ሲያመራ፣ እዚያ የቆሙት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ቆርቆሮዎች) የሚችሉት 50 ነው። «ጧ» ያለው አንደኛው ነው።

ፊውዙስ? ቀድሞ መሞት የነበረበት እሱ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ የብርጭቆውን ፊውዝ ሳወጣው ጫፉ ላይ 4 አምፔር ይላል፣ ጎኑ ግን ከዳር እስከ ዳር በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። ከዚህ በፊት አንዴ ተቃጥሎ ነበር ማለት ነው። ከእኔ በፊት ሌላ ምስኪን ሰክቶት መልሷል ወይም ራሳቸው ስተው ሰክተውታል። ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማይበልጥ ፊውዝ ቢያስገቡለት ኖሮ እሱ በጥሶ ሌላው ይተርፍ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ተሸክሜው ተመለስኩ። ያው ልጅ ነው ያለው። ባለሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ ቀና አላለም።

«ተቃጠለ» አልኩት።

«ምን ላይ ሰካኸው?»

ልብ በሉ፣ ከትናንት ወዲያ «ጋሼ ይቀመጡ» ያለኝ ልጅ ነው። አንቱታው ከብሩ ጋር ኪሱ ገብቷል።

«ግድግዳ ላይ ነዋ፣ የት እሰካዋለሁ?»

«ቀጥታ?!» አለና ወደ ባለሱቁ ዞሮ ሳቀ። «ቀጥታ ሰክቶት ነው ኮ።»

«220 ነው አላልከኝም?»

«እኔ? ስፒናው 220 ነው ነው ያልኩህ።»

ሪሲቨሩን ወደ ራሱ ጎተተና ጀርባውን አዞረው። ከገመዱ መውጫ በላይ ቢጫ ስቲከር አለ፤ የሱቃቸው ነው፣ «ተፈትሿል» ይላል፣ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ስገዛ እንደ ዋስትና ቆጥሬው ነበር። የአውራ ጣቱን ጥፍር ከጥጉ ሥር አስገባ። አልቸኮለም። ጥጉን አነሳ፣ ቀስ እያለ ላጠው፣ ሙጫው ክር እየሠራ ተከተለው። ከሥሩ በነጭ ቀለም «ኤሲ 100 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ከጃፓንኛው ጽሑፍ ጋር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቁጥሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «አንብብ!» አለኝ። «ተጽፎልሃል። ሳታነብ ነው የምትሰካው? የተማርክ ትመስል የለ እንዴ?»

ስቲከሩ ገና አውራ ጣቱ ላይ እንደተጣበቀ ነበር።

«ይሄን ማን ለጠፈው ታዲያ?» ስል ባለሱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ምንም አልተናገረም፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ ጠቆመኝ። ቆየት ብሎ «ከፈለግህ ለመለዋወጫ 4 ሺህ እንይዝልሃለን» አለ። የእንጨት ሳጥኑን፣ የፊቱን ብረትና መጠምዘዣዎቹን ሌላ ሬሳ ላይ ገጥሞ ሊሸጣቸው ነው። ደረሰኝ አልያዝኩም፤ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀነስልዎታል» ሲሉኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፣ ግን ከማን እንደገዛሁ በምን ላሳይ?

ባለሙያ ጋ ወስጄ አስከፈትኩት። የትራንስፎርመሩ መግቢያ ጥቅልል ተበጥሷል፣ ሁለቱም ካፓሲተሮች ከጥቅም ውጭ ሆነዋል፣ የቀኙን ድምፅ የሚያጎሉት ፓወር ትራንዚስተሮች ሾርት ሆነዋል። ትራንስፎርመሩ ይጠመጠማል፤ ካፓሲተርም ይገኛል፣ 63 ቮልት የሚል ቢሆን ይመረጣል። ችግሩ ትራንዚስተሩ ነው። የዚያ ዘመን ቁጥር ያለው ገበያ ላይ ሞልቷል፣ አብዛኛው ግን ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ነው፤ ውስጡ ያለችው ሲሊከን የጤፍ ፍሬ ታክላለች፣ ቮሊዩም ስትጨምሩ ትሄዳለች። ማጉያውን በአንድ ቁራጭ የያዙት፣ እንደ ኤስቲኬ ያሉት ድፍን አይሲዎችም እንዲሁ ናቸው። «ልሠራው እችላለሁ፣ ዋስትና ግን አልሰጥህም» አለኝ። ቢያንስ እሱ እውነቱን ተናገረ።

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን ስቲከሩ አይደለም። መልሱ ፊት ለፊቴ፣ ሰማያዊ መብራት በርቶለት ተቀምጦ ነበር። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ነው የሚጀምረው፤ የዚያ ዘመን ሪሲቨራቸው መስኮት ደግሞ 90 ላይ ያበቃል። ሸገር 102.1 ነው፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1። በዚያ ዘመን ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሪሲቨር አንዳቸውንም አይስብም፣ ጣሪያ ላይ የዓሣ አጥንት አንቴና ብትተክሉለትም። ልጁ ራዲዮውን ያልከፈተው ቆርቆሮ በዝቶ ሳይሆን፣ «እስቲ ሸገርን አምጣልኝ» ብለው መርፌው 90 ላይ ደርሶ ስለሚቆም ነው። እኔ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያን መስኮት ሳደንቅ ቆየሁ። ቀለሙን አየሁ፣ ቁጥሩን አላነበብኩም።

ስፒከሮቹም ያው ናቸው። ጨርቁን አንስቼ በመልቲሜትር ስለካ፣ እኩል መሆን ሲገባቸው የግራው ዉፈር (የቤዙ ስፒከር) 6.2 ኦም፣ የቀኙ 3.3 ኦም። የቀኙ የመኪና ስፒከር ነው፣ በአራት ብሎን ታስሮ ገብቷል። የግራው የዳር ስፖንጅ ጣት ሲነካው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል፤ ሱቅ ውስጥ የያዘው በላዩ የተቀባ የላስቲክ ማጣበቂያ ነበር። ቮሊዩም ዝቅ ስላደረጉት አልተሰማም።

ለምትገዙ ሰዎች ይህን ብቻ ልበል። ጀርባው ላይ ያለ ስቲከር ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ይነሳ። የራሳችሁን ማከፋፈያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስፒናው ዓይናችሁ እያየ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ይሰካ፣ እምቢ ካሉ ውጡ። ሸገር እስኪመጣ ድረስ ብር አታውጡ። ጃፓን ለውጭ ገበያ የሠራቸው ጀርባቸው ላይ 110፣ 220፣ 240 የሚል ቮልቴጅ መምረጫ ያላቸው አሉ፤ ብትጨምሩም እነሱን ፈልጉ። 100 ቮልቱን አውቃችሁ በቅናሽ ከገዛችሁ ለ140 ዋት ዕቃ በትንሹ 300 ዋት የሚችል ከባድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ወጪው 100 የሚል። ገበያው የሞላው 110 ነው፤ መስመሩ 235 በሚሆንበት ሰዓት 117 ይሰጣል፣ ለ100 ቮልት ዕቃ ብዙ ነው። እጅ ላይ የምትቀል «1600 ዋት» የምትል የመንገደኛ ኮንቨርተር ለፀጉር ማድረቂያ ናት፣ ወደ ሪሲቨር አታስጠጓት።

4 ሺውን አልተቀበልኩም። ሪሲቨሩን አቅፌ ስወጣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን አየሁ። ሦስት ናቸው፣ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ። የሁለቱ መስኮት 76 ብሎ ይጀምራል።