የድሮው የጂፒአይኦ (የቦርዱን ፒኖች በፕሮግራም የማዘዣ) መንገድ ይሻላል ወይስ አዲሱ?

ደብረ ብርሃን ላይ በራስፕቤሪ ፓይ 4 (ትንሿ ኮምፒውተር) የጫጩት ቤት ማሞቂያ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ለምታበሩ (ብርዱን ታውቁታላችሁ)።

የድሮው ሲስኤፍኤስ (ፋይል ላይ እየጻፍክ ፒኑን የምታዝበት)፦ ሲበዛ ቀላል ነው። ፒኑን ኤክስፖርት ታረጋለህ (ለአጠቃቀም ትከፍተዋለህ)፣ 1 ትጽፋለህ፣ በቃ። በፈረንጆቹ 2016 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 4.8 ላይ «ጊዜው አልፏል» ቢባልም፣ ሰሪዎቹ የሰው ስክሪፕት እንዳይሰበር ብለው ከከርነሉ አላስወገዱትም። ግን ስክሪፕቱ መሀል ላይ ከሞተ ማሞቂያው እንደበራ ሊቀር ይችላል፣ ቁጥሩም አያስተማምንም፣ ከርነል 6.6 ሲመጣ 17 የነበረው ፒን 529 ሆኖ ቁጭ አለና 17 ብሎ የጻፈ ሁሉ ኤረር በኤረር ሆነ። ተኳኋኝነት ሲሉ ይቺን አይጨምርም መሰለኝ።

አዲሱ ካራክተር ዲቫይስ (ፕሮግራሙ ፒኑን ከከርነሉ ጠይቆ የሚይዝበት)፦ ፒኑን አንድ ፕሮግራም ከያዘው ሌላው አይነካበትም፣ ሲዘጋ ከርነሉ ራሱ ያስለቅቀዋል (ተለቀቀ ማለት ጠፋ ማለት ግን አይደለም፣ ሪሌዩን ፈትሽ)። ስክሪፕቱን ግን እንደ አዲስ መጻፍ ነው፣ ፒኑን የሚያበራው ትዕዛዝ ጂፒአይኦሴትም ከኋላ ሳይዘጋ መቆየት አለበት።

እነዋሪ ገጠር ተተክሎ ያለችግር የሚሰራ ከሆነ አትንካው፣ ብቻ ከርነሉን አፕዴት እንዳታረግ። አዲስ ለሚጀምር፣ በተለይ እሳትና ሙቀት ካለበት፣ አዲሱ።